ቀምሰሽ ስጪኝ

መድኃኒት ከሐኪሙ እጅ እስከ በሽተኛው ጉሮሮ ድረስ የሚሄደው መንገድ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ሐኪሞች የሚያውቁት አይመስለኝም። እነሱ ይጽፉና እጃቸውን ይታጠባሉ። በሽተኛውም «እሺ ጌታዬ፣ እሺ» እያለ እጅ ነሥቶ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቁት እግዜርና የአልጋው ሥር ብቻ ናቸው። እናንተም ብትሆኑ እኔን ማፈር አያስፈልጋችሁም፤ እስቲ ያን የመስኮታችሁን ደፍ፣ ያን የቁምሳጥናችሁን ጥግ ፈትሹት። ግማሹ ተውጦ ግማሹ የቀረ፣ ተሻለኝ ባላችሁ ማግስት የተረሳ ስንት ኪኒን ተኝቶ ታገኛላችሁ? እኔ የራሴን አልደብቅም። የኔ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው ያለው።

አልደብቅም ማለቴ ከተያዝኩ በኋላ ነው። በሰፈራችን ሰናይት የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ አለች፤ ሸጋ ልጅ ናት፣ ግን እግሯ መሬት አይነካም። ጧት ጧት ወደ ሥራ ስትሄድ በአጥሩ ላይ ብቅ ትልና «እማማ ጥሩ፣ የግፊት መድኃኒትዎን ዋጡ?» ትለኛለች። እኔም ከውስጥ ሆኜ «ዋጥኩ ልጄ፣ ተባረኪ» እላታለሁ። ተባረኪ ያልኩት እውነቴን ነው። ዋጥኩ ያልኩት ግን ያው ነው። እንዲህ እየተባባልን ብዙ ጊዜ በሰላም ኖርን፤ አንድ ቅዳሜ ግን ዝናብ ያዛትና ቤት ገባች። እኔ ደግሞ እንግዳ ባዶ አፏን አትቀመጥም ብዬ፣ የቱ ቆርቆሮ የቱ እንደሆነ ዘንግቼ፣ «እንኪ ብስኩት ብዪ» ብዬ አቀበልኳት።

ከፈተችው። የሁለት ወር ተኩል ኪኒን ከነወረቀቱ ተደርድሯል።

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቆርቆሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችኝና «ምነው እማማ ጥሩ? እኔ እኮ ዋጥኩ ሲሉኝ አምኜ እየጻፍኩ ነው» አለች። እዚህ ላይ ነው ያፈርኩት። ምክንያቱም እኔ ራሴ በልጅነቴ ሥራዬ ይሄው ነበር፤ ሰው ኪኒኑን መዋጡን ማየት። ዝናቡም አላባራ ስላለ፣ አፌም ለማመካኘት ስላልበረታ፣ ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

በጣልያን ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ጎንደር በየቦታው አዲስ ግንብ ይሠራባት ስለነበር ከተማው ሁሉ ኖራ ኖራ ይሸት ነበር። የካሚዮኑ ጩኸት፣ የወታደሩ ጥሩምባ፣ ከቀሐ ወንዝ የሚመጣው የጧት ብርድ፣ ሁሉም ዛሬ ድረስ ጆሮዬና አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አትፍረዱብኝ፤ የሚናፍቀኝ ጣልያን አይደለም። የሚናፍቀኝ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው።

የነበርኩበት ሐኪም ቤት እንዲህ ነበር። የእነሱ ሰዎች የሚታከሙበት ቤት ለብቻ፣ የእኛ ሰዎች የሚተኙበት ረጅም አዳራሽ ለብቻ፤ በመካከሉ አጥር፣ በአጥሩ ላይ አንዲት ትንሽ በር። በዚያች በር የምትመላለስ አንዲት ጣልያናዊት ነበረች፤ መነኩሲትም ነርስም ናት። ሱዎራ ነበር የምንላት፤ በቋንቋቸው እህት ማለት ነው አሉ። እንዲህ ያለች ቁጡ እህት ለማንም አይስጥ። እኔ የገባሁት ወለል ልጠርግ ነው፤ አክስቴ የሐኪም ቤቱን አንሶላ ታጥብ ነበርና ይህቺም እጇን ትፍታ ብላ አስገባችኝ። ሥራ ላይ ሆኜ የሱዎራን ቋንቋ ስለቃቅም ሰማችኝ መሰል፣ አንድ ቀን መጥረጊያዬን ቀማችና ሳህን አስያዘችኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ኪኒን ማደል፣ ውሃ መስጠትና እስኪውጡ ቆሞ ማየት ሆነ። ቀላል ይመስላል አይደል? ለኔም መስሎኝ ነበር።

በሽተኛው ኪኒኑን በሁለት እጁ፣ በአክብሮት ይቀበላል። ከዚያ ጋቢውን ይከናነባል። ይህን ሱዎራ አትረዳውም፤ እኛ ግን በሰው ፊት መድኃኒት የሚወስድ የት አይተን እናውቃለን? ኮሶ የጠጣ ሰው በሩን ዘግቶ፣ እንግዳ እንዳይገባበት አስከልክሎ አይደል የሚውለው። ጋቢው ይነቃነቃል፣ ዋጥ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ሰውየው ብቅ ብሎ አፉን ይጠርግና «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ሱዎራ መዝገቧ ላይ ምልክት ታደርጋለች፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደሚቀጥለው አልጋ አልፋለሁ። አያ ደምሌ እስኪመጡ ድረስ በዚህ መልክ ተስማምተን ስንኖር ነበር።

አያ ደምሌ ጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን አካባቢ የመጡ ገበሬ ናቸው። የጠፋ በሬ ፍለጋ ወደ ተከዜ ቆላ ወረዱ። በሬውን አገኙት፤ ንዳዱም እሳቸውን አገኛቸው። የአገራቸው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ደባርቅ አደረሷቸው፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ አንድ የጭነት ማኪና ከእህል ጆንያ ጋር ጭኖ አመጣቸው። አሥራ አንደኛው አልጋ ላይ ሲያስተኟቸው ዓይናቸው ቢጫ፣ ከንፈራቸው ጥቁር ነበር። ትኩሳቱ ሲያስቀባዥራቸው የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ገብሱ ደርሷል፣ ማን ያጭድልኛል። ወንድ ልጅ የላቸውም፤ ያን ገብስ እሳቸው ካላጨዱት ቤታቸው ክረምቱን ጦሙን ነው።

ዶክተሩ የሰባት ቀን ኪኒን አዘዘ። ሁለት ቀን ራሳቸውን ስተው ስለነበር እኔና ሱዎራ ቀና እያደረግን አስዋጥናቸው። በሦስተኛው ቀን ላባቸው መጣ፣ ዓይናቸው ጠራ፣ ሱዎራን አዩ። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ጋቢያቸውን መከናነብ ጀመሩ። በአምስተኛው ቀን ንዳዱ ተመለሰ፣ ያውም አልጋውን እስኪያንቀጠቅጥ። ዶክተሩ ሆዳቸውን ዳብሶ ጣፊያቸው ማበጡን ካየ በኋላ ለሱዎራ የነገራትን እኔም ሰማሁት፤ ሰባቱ ቀን እንደ አዲስ ይጀመር፣ አንዲት ሳትጓደል ይዋጡ፤ ንዳዱ ሌላ አንድ ጊዜ ከተመለሰ ግን አይተርፉም። ሱዎራ መዝገቧን ገለበጠች። በመዝገቡ መሠረት አያ ደምሌ ሁሉንም ውጠዋል።

እሷ ስትወጣ ፍራሻቸውን አነሣሁ። ኪኒኑ ከጭዱ መሐል እየተንጠባጠበ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ደንግጬ የጎረቤታቸውን አነሣሁ፤ እዚያም አለ። ወዲያ ማዶ ያለው አንድ ብልህ ደግሞ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ እየሰካ በጭቃ መርጎበታል። የጣልያን ግንብ በጣልያን ኪኒን ሲታደስ ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ለሱዎራ ብነግር አዳራሹን በአንድ እግሩ እንደምታቆመው አውቃለሁ። ስለዚህ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ነጠላዬን ዘርግቼ እኔንም አያ ደምሌንም ከዓይን ከለልኩ። «አያ ደምሌ፣ ምነው? ሊሞቱ ነው እኮ» አልኳቸው፤ አልዋሽም፣ አባቴን ይመስሉኝ ነበር።

«ሊገድሉህ ነው በይኝ እንጂ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ተከዜ ዳር ከሰማይ ያወረዱትን መርዝ በዓይኔ አይቻለሁ። የነካው ሰው ቆዳው ተላጠ፣ ከወንዙ የጠጣ ከብት እዚያው ቀረ። ትናንት በአውሮፕላን ያወረዱ ሰዎች ዛሬ በሳህን አምጥተው ዋጥ ይሉኛል። እነሱስ እሺ፣ ባዕድ ናቸው። አንቺ ያገሬ ልጅ፣ ሳትቀምሽ ትሰጪኛለሽ?»

ስለ ሰማዩ ያሉት እውነት ነው። የመጨረሻዋ ነገር ግን አጥንቴ ድረስ ገባች። በኛ አገር አሳላፊ ጠላውን ቀድታ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ለእንግዳ ሰጥታ ታውቃለች? ለሠርግም ሆነ ለተዝካር፣ ለሹምም ሆነ ለድሀ፣ ሳትቀምስ የሰጠች አንድም ባለጌ ናት፣ አንድም መርዘኛ። እኔ ደግሞ ስንት ሳምንት ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ፣ ከጠላት የመጣ ነጭ ነገር፣ አፌን ሳላስነካ ሳድል ከርሜአለሁ። እነዚህ ሰዎች ያን ሁሉ ታግሰው «እግዜር ይስጥልኝ» ማለታቸው ጨዋነታቸው ነው።

ኪኒኑን በጥፍሬ ከጠርዙ ቆረስኩ፣ ፍርፋሪውን መዳፌ ላይ አድርጌ ላስኩት። እናንተዬ፣ ያን ምሬት እንዴት ልንገራችሁ። ምላሴ ተኮማተረ፣ እንባዬ መጣ። አያ ደምሌ ጥቂት ጠበቁ፤ እንደማልወድቅ ሲያረጋግጡ የተረፈውን ተቀብለው ዋጡት። ፊታቸው ተጨማደደና «እህ! እንዲህ ከመረረስ መድኃኒት ነው» አሉ። ለካ እስከ ዛሬ አንዱንም አልቀመሱትም።

በማግስቱ የአሥራ ሁለተኛው አልጋ ሰው ኪኒኑን ስሰጠው አልከናነብ አለኝ። አያ ደምሌ ነግረውታል መሰል፣ እስክቀምስ መዳፌን ያየዋል። ከዚያ አሥራ ሦስተኛው፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ ያሉት። ባጭሩ ሃያ ስድስት አልጋ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ እየዞርኩ በነጠላ እየከለልኩ ስልስ ዋልኩ። ፍራሹ ጸዳ፣ ትኩሳቱ በረደ፣ ሱዎራም ደስ አላት። እኔ ግን ኪኒኑ ጆሮዬን ያንጫርረው ጀመር፤ የሱዎራ ቁጣ ከሩቅ እንደሚመጣ ዜማ ሆኖ ይሰማኛል፤ በሕይወቴ ያን ያህል ተስማምተን አናውቅም። አያ ደምሌ በየቀኑ በጣታቸው ይቆጥራሉ። አራት ቀን ዋጡ፣ ሦስት ቀን ቀረ።

በአምስተኛው ቀን ጧት ሱዎራ ሳህኔን አየችው። ኪኒኑ ሁሉ ጠርዙ የጎደለ ነው፤ እጄን የምጠርግበት የሽርጤ ኪስም ነጭ በነጭ ሆኗል። ያን ጊዜ መድኃኒት ወደ ጫካ፣ ወደ አርበኞቹ ይወጣል ተብሎ ብርቱ ቁጥጥር ነበርና፣ እየሸረፍኩ የማወጣ መሰላት። ፊቷ ቀላ፤ ሳህኑን ቀማችኝና በሩን አሳየችኝ። በረንዳ ላይ ቆሜ በመስኮት አየሁ። ቀጥ ብላ ወደ አሥራ አንደኛው አልጋ ሄደች፣ ኪኒኑን ዘረጋችላቸው። አያ ደምሌ ተቀበሉ፤ ጋቢያቸውንም ተከናነቡ። ሱዎራ ጋቢውን ገለጠችው። አፋቸውን ገጥመው፣ ኪኒኑን በጡጫቸው ጨብጠው ጣራ ጣራ ያያሉ።

ያን ጊዜ የያዘኝን አላውቅም። ተባርሬአለሁ፣ ብትጠቁመኝ ደግሞ እስር ቤት ነኝ። ግን የዶክተሩ ቃል ጆሮዬ ላይ አለ፤ የሚጮኸው ጆሮዬ እንኳ ሊያስረሳኝ አልቻለም። ገባሁና በዚያ በተሰባበረ ቋንቋዬ አልሰረቅሁም አልኳት፤ ቀምሼ ነው፤ የሚሰጥ ሰው ካልቀመሰ አይወስዱም። ሱዎራ አላመነችኝም። ያልታመመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ለምን ይቀምሳል ብላ ጠየቀችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ለእሷ ምኑ ይገባታል።

አያ ደምሌ ስንጨቃጨቅ ይሰሙ ነበር። በክርናቸው ቀና አሉ። «ምን ያከራክራችኋል? ቀምሳ ትስጠኝ በያት» አሉ።

ተረጎምኩላት። ሃያ ስድስት ሰው ጋቢውን ገልጦ እሷን ብቻ ያያል። ሱዎራ እኔን አየችኝ፣ እሳቸውን አየች፣ መዝገቧን አየች። ቀጥሎ እጇን ዘረጋች፤ አያ ደምሌ ጡጫቸውን ፈተው ኪኒኑን መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። ጫፉን በጥርሷ ሸርፋ አኘከችው። መዋጥ ብቻ የምታዝ ሰው ማኘክ አልነበረባትም። ያ ኩሩ ፊት ባንዴ ተጨማተረ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ነጭ ቆቧ እስኪጣመም ራሷን ነቀነቀች። አንዱ ከወዲያ ማዶ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ ሲያቃስት ያደረው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሱዎራም አፏን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

አያ ደምሌ ተነሥተው ተቀመጡ። የተረፈውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ጋቢ ሳይከናነቡ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ዋጡት። ከዚያም «አሁን ሰው ሆነች» አሉ።

ምን አሉ ብላ ስትጠይቀኝ እግዜር ይስጥልኝ አሉ አልኳት። በአስተርጓሚነቴ የምጸጸትበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ልክ እንደተባለው ብነግራት ደስ ይላት ነበር ብዬ አሁን አስባለሁ።

ከዚያን ቀን ወዲያ የግራውን ረድፍ እኔ፣ የቀኙን እሷ እየቀመስን አደልን፤ የሁለታችንም ጆሮ እየጮኸ፣ በአዳራሹ ዳርና ዳር ቆመን ስንጯጯህ ላየን የተጣላን እንመስል ነበር። ልማድ ሆኖባት በአጥሩ ማዶም ለራሳቸው መኮንኖች እየሸረፈች ስትሰጥ ታየች አሉ፤ እኔ አላየሁም፣ ሲወራ ግን እጅግ ደስ ብሎኛል። አያ ደምሌ ሰባቱን ቀን ጨረሱ። ንዳዱም አልተመለሰም። ከወር በላይ የሚዋጥ ሌላ ኪኒን አስቋጥረን ስንሸኛቸው እዚያ ጃናሞራ ማን ይቀምስላቸዋል ብዬ ስጨነቅ፣ ገብቷቸው «ሚስት አለችኝ ልጄ» ብለው ሄዱ።

የጥምቀት ዕለት ቀሐ ወርጄ፣ ከዚያ ሁሉ ነጭ ልብስ መሐል አንድ ሰው ከኋላዬ በትከሻዬ ያዘኝ። አያ ደምሌ ናቸው፤ ጉንጫቸው ሞልቷል፣ ዱላቸው አዲስ ነው። ገብሱ በሰላም ገብቷል፣ ሚስታቸው ግን ጆሮዬን ጮኸብኝ እያለች ትነዘንዛቸዋለች። ከስልቻቸው የዚያኑ ገብስ በሶ አወጡ፤ መጀመሪያ ለራሳቸው ቆንጠር አድርገው ቀመሱ፣ ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ፤ ሌላም ቋጥረው ይህቺን ለዚያች ለእህትሽ አሉኝ። ወስጄ ለሱዎራ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችም። እጇን ወደኋላ አድርጋ ቆመች፣ አየችኝ፣ ከዚያም በዚያ ኮልታፋ አፏ፣ ከአማርኛ የሰማሁላትን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ተናገረች።

«ቀምሰሽ ስጪኝ።»

ያ ዘመን ዓመት ሳይቆይ እንዳመጣጡ ሄደ። እነሱም በካሚዮን ተጭነው ሄዱ፤ ሱዎራ በየትኛው እንደተሳፈረች ሳላያት ቀረሁ። ብዙ ነገር ሰው ይረሳል። ያ ምሬት ግን አሁን ሳወራ እንኳ ምላሴ ላይ አለ፤ ደስ የሚል ምሬት አለ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ሰናይት እስከዚህ ድረስ ሰማችኝ። ዝናቡ አባርቷል፤ እሷ ግን አልተነሣችም። «እማማ ጥሩ፣ የእርስዎን የግፊት መድኃኒት እኔ ብቀምሰው መንገድ ላይ እወድቃለሁ እኮ» አለች፣ እየሳቀች።

«ማን ቅመሺ አለሽ» አልኳት። «በአጥር ላይ አትጠይቂኝ ነው የምልሽ።»

ልጅቱ ሞኝ አይደለችም። ቦርሳዋን አስቀመጠች፤ ከቆርቆሮው አንዷን ኪኒን ፈልቅቃ አወጣች፣ ውሃ ቀዳች፣ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና የነጠላዬን ጫፍ በሁለታችንም ራስ ላይ ሳብ አደረገችው። በዚያች ነጭ ጥላ ውስጥ ፊቷን ስመለከት ዓይኔ እንባ አቀረረ። ዋጥኩት፤ በእውነት ዋጥኩት፤ አፌን ከፍቼ ሁሉ አሳየኋት። ደብተሯን አውጥታ ምልክት አደረገች፤ እጄን ሳመችኝና ተነሣች።

በሩ ላይ ስትደርስ ዘወር አለች። «ነገ እሁድ ነው፣ ዕረፍት ነኝ። ራስዎ ይዋጡ፣ እሺ?»

«እሺ» አልኳት።

የእኔን እሺ እንግዲህ እናንተ ታውቁታላችሁ።